ለአጥቢያው ሠዓሊ አንድ ግድግዳ



የዛሬው ንግግሬ ቤተ ክርስቲያን ስለምታስተናግደው የአጥቢያ ሠዓልያን ዐውደ ርእይ ነው። አንድ ደብር ከመቅደሱ ውጭ ካሉት ክፍሎች አንዱን ለሠፈሩ ሠዓልያን ቢከፍት ምን ይገኛል? ምን ያሰጋል? እንዴትስ ይሠራል? እነዚህ ጥያቄዎች በሌሎች አገሮች በተግባር ተፈትነዋል። ፍሬያቸውም ፈተናቸውም ታይቷል። እኛ ደግሞ ሥዕላችን ራሱ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የተገኘ ሕዝብ ስለሆንን፣ ጉዳዩ ከማንም በላይ የሚመለከተን ይመስለኛል። የምጠቅሳቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳውቅ።

አቋሜን ከመነሻው ግልጽ ላድርግ። ቤተ ክርስቲያን ለአንድ ሠዓሊ ልትሰጠው የምትችለው ትልቁ ስጦታ ግድግዳ፣ ጊዜና ተመልካች ነው። ገንዘብ ባይኖራት እንኳ እነዚህ ሦስቱ አሏት። ስጦታው ፍሬ እንዲያፈራ ግን ሁለት ነገሮች ያስፈልጋሉ። አንደኛው፣ የጸሎቱ ስፍራና የዐውደ ርእዩ ስፍራ ተለይተው መታወቃቸው ነው። ሁለተኛው፣ ቤተ ክርስቲያኗ በሯን አንዴ ከከፈተች በኋላ ወቀሳ ሲመጣ ሠዓሊውን ብቻውን ጥላ አለመሸሿ ነው። የምናገረው ሁሉ በእነዚህ ነጥቦች ዙሪያ ይሆናል።

ግድግዳው የቆየ ነው

በኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመታት ሕዝብ ሥዕል የሚያይበት ዋነኛው ስፍራ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ክብ ሆኖ የተሠራውን የገጠር ቤተ ክርስቲያን አስቡት። መጀመሪያ ቅኔ ማኅሌቱ፣ ቀጥሎ ቅድስቱ፣ መካከል ላይ መቅደሱ ይገኛል። የመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል ይሸፈናል። እንደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ባሉት የጣና አካባቢ አድባራት ሥዕሉ ያረፈው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። በበሮቹ ግራና ቀኝ ሰይፋቸውን የመዘዙ ሊቃነ መላእክት ይቆማሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል። ከግርጌ ደግሞ ሥዕሉን ያሠራው ባለጸጋ ወይም መኳንንት ተደፍቶ ሲማጸን ይታያል፤ ስሙም ከጎኑ ይጻፍለታል። የጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴም ጣሪያው ላይ በረድፍ በተደረደሩት ባለ ክንፍ የኪሩቤል ፊቶች በዓለም ሁሉ ይታወቃል።

ከዚህ ሥርዓት ሦስት ነገሮችን ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያው ተመልካቹ ነው። ፊደል የቆጠረውም ያልቆጠረውም፣ ባለርስቱም ጭሰኛውም፣ እናትም ልጅም እኩል ያዩት ነበር። ለማየት የሚከፈል ዋጋ የለም፤ «ይህ ለእኔ የሚሆን ቦታ አይደለም» ብሎ የሚያፍርም የለም። በዛሬዎቹ የከተማ ጋለሪዎች ደጅ ላይ ቆሞ ልግባ አልግባ እያለ የሚያመነታውን መንገደኛ ስናስብ፣ ያ ነጻነት ምን ያህል ትልቅ ሀብት እንደነበር ይገባናል።

ሁለተኛው ሠዓሊው ነው። ብዙውን ጊዜ ከቤተ ክህነት ትምህርት የወጣ ዲያቆን፣ ደብተራ ወይም መነኩሴ ነበር። ሕዝቡን ያውቀዋል፤ ሕዝቡም ያውቀዋል። ስሙ ግን እምብዛም አይጻፍም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ፍሬ ጽዮን ዛሬ በስሙ የሚታወቀው በዳጋ እስጢፋኖስ በተገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙ ስለተጻፈ ነው። ከእርሱ በፊትና በኋላ የኖሩ ስንት ጠቢባን ግን ሥራቸው ቀርቶ ስማቸው ጠፍቷል።

ሦስተኛው የቦታ ሥርዓት ነው። በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁሉም ቦታ አንድ አይደለም። ማኅሌት የሚቆምበት፣ ምእመናን የሚቆርቡበት፣ ካህናት ብቻ የሚገቡበት እየተባለ ተለይቷል። ለእያንዳንዱ ቦታ የሚገባውን መለየት ለእኛ የኖረ ዕውቀት ነው። ይህን ዕውቀት ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሥዕሉ ከቤተ ክርስቲያን በር ወጥቶ ገበያ ወጣ። በቤተ ክህነት የሠለጠኑ ሠዓልያን አዲስ አበባ ተቀምጠው የዐድዋን ጦርነትና የንግሥተ ሳባን ታሪክ በጨርቅ ላይ እየሣሉ ለአገር ጎብኚና ለውጭ ሰው መሸጥ ጀመሩ። በዐድዋው ሥዕል ከሠራዊቱ በላይ በሰማይ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይታያል። ርእሱ የአገር ታሪክ ሆነ፤ ዐይኑና እጁ ግን የቤተ ክርስቲያን ነበሩ። በአገራችን በዓለማዊውና በመንፈሳዊው ሥዕል መካከል ያለው ድንበር ከመጀመሪያውም ቀጭን ነው የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

በኒው ዮርክ አንድ ምድር ቤት

አሁን ከአገራችን ወጥተን ወደ ኒው ዮርክ እንሻገር። በማንሃተን በግሪንዊች ቪሌጅ፣ ከዋሽንግተን ስኩዌር መናፈሻ በስተደቡብ፣ ጃድሰን መታሰቢያ የተባለ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለ። ስሙን ያገኘው በበርማ ወንጌል ከሰበከው አዶናይራም ጃድሰን ነው፤ የመሠረተው ልጁ ኤድዋርድ ጃድሰን ነው። ሕንጻውን የነደፈው በዘመኑ ስመ ጥር የነበረው አርክቴክት ስታንፎርድ ዋይት ሲሆን፣ በቀለም መስታወት የተሠሩት መስኮቶች የጆን ላ ፋርጅ ሥራዎች ናቸው። ሥራው የተጠናቀቀው በ1893 ነው። ከመጀመሪያው የታሰበው በአካባቢው የሰፈሩትን ድሆች ስደተኞች፣ በተለይም ኢጣልያውያንን እንዲያገለግል ነበር። እንግዲህ ይህ ቤተ ክርስቲያን «ሠፈሬ ምን ያስፈልገዋል?» ብሎ መጠየቅን ከምሥረታው ተምሯል።

በ1956 ሃዋርድ ሙዲ የተባለ ፓስተር ሊያገለግል መጣ። በዚያን ጊዜ ሠፈሩ ተለውጦ ነበር። በዙሪያው ወጣት ሠዓልያን፣ ገጣምያንና ተወዛዋዦች ይኖራሉ፤ ሥራቸውን የሚያሳዩበት ቦታ ግን የላቸውም። ታላላቆቹ ጋለሪዎች ያሉት በሌላው የከተማው ክፍል ነው፤ ስሙ ያልታወቀን ወጣት በቀላሉ አያስተናግዱም። ሙዲና ረዳቱ በድ ስኮት በ1950ዎቹ መጨረሻ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር የተያያዘውን የጃድሰን ቤት ምድር ቤት ለእነዚህ ወጣቶች ከፈቱት። ጃድሰን ጋለሪ የተባለው እርሱ ነው።

ማን እንደገባበት ልንገራችሁ። ክሌስ ኦልደንበርግ ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ ያደገ፣ በኒው ዮርክ በኩፐር ዩኒየን ቤተ መጻሕፍት መጻሕፍት እየደረደረ የሚኖር ወጣት ነበር። በ1959 ሥራዎቹን በዚህ ምድር ቤት አሳየ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ላይ ከጓደኛው ከጂም ዳይን ጋር ሆኖ ምድር ቤቱን ሙሉ በሙሉ ለወጡት። ኦልደንበርግ «መንገዱ» ያለውን ሥራ ከካርቶን፣ ከጆንያና ከጋዜጣ፣ ማለትም የድሃ ሠፈር መንገድ ላይ ከሚጣለው ነገር ሠራው። ዳይን ደግሞ «ቤቱ» የተባለውን ሥራ አቆመ። በዚያው በ1960 መጨረሻ አለን ካፕሮው እዚያው ቦታ በሽቦና በተጨማደደ ጋዜጣ የተሞላ መተላለፊያ ሠርቶ ጎብኚውን በመካከሉ አሳለፈው፤ መጨረሻ ላይ ፖም ተንጠልጥሎ ያገኛል። ኦልደንበርግና ዳይን ዛሬ በዓለም ታላላቅ ሙዚየሞች ሥራቸው የተሰቀለ ሰዎች ናቸው። ያን ጊዜ ግን ሁለት ስማቸው ያልተሰማ የሠፈር ልጆች ነበሩ።

ቤተ ክርስቲያኑ የሰጣቸው ምንድን ነው? ትልቅ ገንዘብ አልነበረውም። የሰጣቸው ክፍልና ነጻነት ነው። የጃድሰን አገልጋዮች ሠዓልያኑን ለስብከት መሣሪያነት አልፈለጓቸውም። ሃይማኖታዊ ርእስ ሥሩ አላሏቸውም፤ ሥራቸውን አስቀድመው ቆርጠውና ቀጥለው አላሳለፉም። ጥበቡ ራሱ ስለ ዘመኑ የሚናገረው እውነት አለ፤ ቤተ ክርስቲያንም ልትሰማው ይገባል ብለው አመኑ። ያንኑ መንገድ ተከትሎ ሐምሌ 6 ቀን 1962 በዚያው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የጃድሰን ዳንስ ቲያትር የመጀመሪያውን ትርኢት አቀረበ። የአሜሪካ ዘመናዊ ውዝዋዜ ታሪክ ሲጻፍ ያ ምሽት ሳይጠቀስ አይታለፍም። በ2018 የኒው ዮርክ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም የዚያን እንቅስቃሴ ታሪክ የሚዘክር ትልቅ ዐውደ ርእይ አዘጋጅቷል።

ነገሩ ሁሉ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በኅዳር 1970፣ የቬትናም ጦርነት አገሪቱን በከፈለበት ወቅት፣ በዚያው ቤተ ክርስቲያን የአሜሪካን ባንዲራ ርእሱ ያደረገ ዐውደ ርእይ ተከፈተ። ባለሥልጣናቱ ሥራዎቹን ባንዲራ ማዋረድ አድርገው ስላዩአቸው ፖሊስ ገብቶ አስተባባሪዎቹን ፌይዝ ሪንጎልድን፣ ጆን ሄንድሪክስንና ዣን ቶሽን አሰረ። ፍርድ ቤት ጥፋተኞች ናችሁ ብሎ እያንዳንዳቸውን 100 ዶላር ቀጣቸው። ቤተ ክርስቲያኑ «እኛ አናውቃቸውም» ብሎ እጁን አልታጠበም። አብሯቸው ቆመ። እኔ በዚያ ዐውደ ርእይ ላይ ስለቀረበው ሐሳብ መፍረድ አልፈልግም። የማደንቀው ባለቤቱ ለእንግዳው ያሳየውን ታማኝነት ነው። በሩን ሲከፍት ኃላፊነቱንም አብሮ እንደወሰደ ያውቅ ነበር።

ኖርዝሃምፕተንና ኮሎኝ

ጃድሰን አንዱ መንገድ ነው። ሁለት ሌሎች መንገዶችን ባጭሩ ላሳይ።

በእንግሊዝ አገር በኖርዝሃምፕተን ከተማ የቅዱስ ማቴዎስ ቤተ ክርስቲያን ቄስ የነበሩት ዋልተር ሃሲ፣ በ1943 የቤተ ክርስቲያናቸው 50ኛ ዓመት ሲከበር በዘመኑ ካሉት ጠቢባን ታላላቆቹን ለመጥራት ወሰኑ። ያ ጊዜ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ነው። ቀራጩ ሄንሪ ሙር ከአየር ድብደባ ለመሸሽ በለንደን የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ የተኙትን ሰዎች ሥሎ ነበርና፣ ቄሱ እነዚያን ሥዕሎች አይተው የእመቤታችንን ሐውልት እንዲቀርጽላቸው ለመኑት። ሐውልቱ በየካቲት 1944 ተመረቀ። በ1946 ደግሞ የግራሃም ሰዘርላንድ የስቅለት ሥዕል ከፊት ለፊቱ ቆመ። ከከተማው ሰው ብዙው ተቆጣ። በጋዜጣ ላይ የወቀሳ ደብዳቤ ጎረፈ። ቄሱ ግን ሥራዎቹን አላወረዱም፤ ሰውንም አልናቁም። ዛሬ ሁለቱ ሥራዎች የዚያች ከተማ ኩራት ናቸው።

በኖርዝሃምፕተንና በጃድሰን መካከል ያለውን ልዩነት አስተውሉ። ሃሲ ሥራውን ያኖሩት በጸሎቱ ስፍራ ውስጥ ስለነበረ ርእሱ የእምነቱ ርእስ እንዲሆን ግድ ነበር። የጃድሰን ጋለሪ ግን ከጸሎቱ ስፍራ ውጭ በሆነ ምድር ቤት ስለነበረ ርእሱ ክፍት ሊሆን ቻለ። የቦታው መለየት ነጻነቱን ሰፊ አደረገው ማለት ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ በጀርመን በኮሎኝ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሠዓሊው ሩበንስ ልጅነቱን ያሳለፈው በዚያች ከተማ ነው። በሕይወቱ መጨረሻ የሣለው የቅዱስ ጴጥሮስ ስቅለት ሥዕልም እስከ ዛሬ እዚያው ይገኛል። በ1987 ፍሪድሄልም ሜኔከስ የተባሉ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ይህን ቤተ ክርስቲያን የዘመኑ ጥበብ ጣቢያ አደረጉት። ቅዳሴው ሳይቋረጥ እንደ ፍራንሲስ ቤከን ያሉ ሠዓልያን ሥራዎች ለጊዜው እየገቡ ታዩበት። እዚህ ዋናው ቃል «ለጊዜው» የሚለው ነው። ዐውደ ርእይ ይገባል፣ ይወጣል፤ ያላስደሰተው ምእመን የሚቀጥለውን ይጠብቃል፤ ለአዲሱ ሠዓሊም ግድግዳው ይለቀቅለታል።

ኮሎኝን ያለ ምክንያት አላነሳሁም። ከታላላቅ ሠዓልያኖቻችን አንዱ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ሥዕል የተማረው በዚያች ከተማ ነው። እርሱም ወደ አገራችን ይመልሰናል።

የቤተ ክህነት ልጆች ከግድግዳው ሲወጡ

ገብረ ክርስቶስ በ1932 ሐረር ሲወለድ አባቱ አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰው፣ ብራና የሚያስጌጡ ባለሙያ ነበሩ። ልጁ በኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው አብስትራክት የሚባለውን አሣሣል ነበር። በ1963 የሣለው «ጎልጎታ» የስቅለቱን ታሪክ በደማቅ ቀይ ቀለምና በተሰባበረ ቅርጽ ያሳያል። ርእሱ ጥንታዊ ነው፤ አሣሣሉ አዲስ ነው። በዚያ ዘመን ብዙዎች ሥራውን ለመረዳት ተቸግረው ነበር።

የአዲስ አበባን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የመሠረቱት አለ ፈለገ ሰላምም የቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተሰብ ልጅ ናቸው። በቺካጎ የሥነ ጥበብ ተቋም ተምረው በ1954 ተመርቀው፣ ወደ አገራቸው ተመልሰው ትምህርት ቤቱን በ1950ዎቹ መጨረሻ ከፈቱ። የአንኮበሩ ተወላጅ አፈወርቅ ተክሌ ደግሞ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእዩን በ1954 ያሳየው በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ ነው። በኋላም በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ውስጥ ሥዕሎችንና የቀለም መስታወት ሥራዎችን ሠርቷል። የአፍሪካ አዳራሽን ግዙፍ የመስታወት ሥዕልም የሠራው እርሱ ነው።

ከእነዚህ ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ዘመናዊው ሥዕላችን በከፊል ከቤተ ክህነት ቤት የወጡ ልጆች ሥራ ነው። ማሳያ ቦታ ሲፈልጉ የተከፈተላቸው በር ግን የማዘጋጃ ቤት፣ የትምህርት ቤት፣ ኋላም የውጭ አገር የባህል ተቋማትና የግል ጋለሪዎች በር ነበር። የአጥቢያው ደብር አዳራሽ አልነበረም። እናቲቱና ልጁ ተለያዩ፤ ተጣልተው ግን አይደለም፤ መገናኛ ስፍራ ስላጡ ነው።

የዚህ መለያየት ዋጋ ዛሬም ይከፈላል። ጋለሪዎቻችን በአብዛኛው አዲስ አበባ ውስጥ ናቸው፤ እዚያም ቢሆን በጥቂት ሠፈሮች። በክልል ከተማ የሚኖር ወጣት ሠዓሊ ሥራውን የሚሰቅልበት ግድግዳ ፍለጋ ሆቴልና ካፌ ሲያዞር ይኖራል። እዚያ ሲሰቀልለት ደግሞ ሥዕሉ የቡናው ማጀቢያ ይሆናል። በአንጻሩ በየከተማው አዳራሽ ያለው ደብር አለ፤ በዓለ ንግሥ ሲሆን በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይሰበሰብበታል። ከዓመቱ ቀናት በብዙዎቹ ግን ያ አዳራሽ ተቆልፎ ይውላል። ግድግዳ ያጣ ሠዓሊና ሥዕል ያጣ ግድግዳ በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሳይተዋወቁ ይኖራሉ።

በውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችንም ነገሩ ይመለከታቸዋል። በዋሽንግተን አካባቢ ለምሳሌ እስክንድር ቦጎሲያን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አስተምሮ ብዙ ሠዓልያንን አፍርቷል። የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናትም በዚያ በርካታ ናቸው፤ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ጸበል ጸዲቅ የሚቀምስባቸው አዳራሾች አሏቸው። እዚያ ተወልደው አማርኛ በቅጡ የማይናገሩ ልጆች በአዳራሹ ግድግዳ ላይ የወገናቸውን ሥዕል ቢያዩ፣ ቃል ያላደረሰላቸውን ሥዕሉ ያደርስላቸዋል።

ሁለት ተቃውሞዎች

ይህን ሐሳብ ሲሰሙ አንዳንድ አባቶች «ቤተ ክርስቲያን የጸሎት ቤት እንጂ የገበያ ቤት አይደለችም» ይሉኛል። ትክክል ናቸው። ቃሉ የጌታ ቃል ነው። ስለዚህ ነው የቦታ መለየት ነገር ላይ የማጠብቀው። ቅድስቱና ቅኔ ማኅሌቱ ለዐውደ ርእይ አይሆኑም። ለእነዚህ ስፍራዎች የሚሣለው ሥዕል የራሱ ሥርዓት አለው፤ ያንን ሥርዓት የሚጠብቁ ሊቃውንት አሉ። እኔ የምጠይቀው የሰንበት ትምህርት ቤቱን አዳራሽ፣ የስብሰባውን ክፍል፣ በሙዚየሙ አጠገብ ያለውን ባዶ ቤት ነው። ሠርግ የሚደገስበት፣ ጉባኤ የሚካሄድበት፣ መጻሕፍትና መዝሙር የሚሸጥበት አዳራሽ ለሥዕል ሲሆን የሚረክስበት ምክንያት አይታየኝም።

ሠዓልያኑ ደግሞ በሌላ በኩል «ቤተ ክርስቲያን ሥራችንን ትቆርጥብናለች፤ ነጻነታችንን እናጣለን» ይላሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። መድኃኒቱም አስቀድሞ መነጋገር ነው። የትኛውም ቤት የራሱ ወግ አለው። አዳራሹ የማይቀበለው ነገር ካለ ሥዕሉ ከመሰቀሉ በፊት በጽሑፍ ይነገር፤ ሠዓሊውም አይቶ ይወስን። ከባዱ በደል አስቀድሞ የተነገረ ገደብ አይደለም። ተስማምተው የሰቀሉትን ሥራ አንድ ሰው ስለጮኸ ብቻ በሌሊት ማውረድ ነው በደሉ። የኖርዝሃምፕተኑ ቄስም የጃድሰኑ ፓስተርም ያስተማሩን በቃል መጽናትን ነው።

እንዴት ይሠራ?

ሥራው ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ጥንቃቄ ግን ይጠይቃል።

በመጀመሪያ የሚወስን አካል ያስፈልጋል። የደብሩ አስተዳዳሪና ሰበካ ጉባኤው የሚያውቁት፣ ከካህናት፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችና ከሠዓልያን የተውጣጣ አነስተኛ ኮሚቴ ይቋቋም። የአንድ ሰው በጎ ፈቃድ ብቻ ከሆነ፣ አስተዳዳሪው ሲዛወሩ ዐውደ ርእዩም አብሮ ይቀራል።

ቀጥሎ ውል ይጻፍ። ሥራው ከመቼ እስከ መቼ ይሰቀላል? ቢበላሽ ወይም ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? ቢሸጥ ለደብሩ ምን ያህል ይገባል? የንግድ ጋለሪዎች በብዙ አገር ከሽያጩ እስከ ግማሽ ድረስ ይወስዳሉ። ደብሩ ግን ነጋዴ አይደለምና ለጥበቃና ለመብራት የሚበቃውን ያህል ቢወስድ ይበቃዋል። ገንዘቡም በደረሰኝ ይሁን።

ሦስተኛው ነገር የሥራዎቹ ደኅንነት ነው። ብራና፣ ወረቀትና ጨርቅ ብርሃን ይጎዳቸዋል። ሙዚየሞች ለእነዚህ ከ50 ሉክስ የማይበልጥ ብርሃን ይመክራሉ፤ ለዘይት ቀለም ሥዕል ግን እስከ 200 ሉክስ ይፈቀዳል። የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የሚገባበት መስኮት በመጋረጃ ይሸፈን። የጧፍና የዕጣን ጢስ ሥዕልን ያጠቁራልና ጢስ በሚደርስበት ክፍል አይሰቀል። እርጥበት ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይሞከር። ሥዕሉ የሚሰቀለው መካከሉ ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ዐይን ይመቻል።

አራተኛውን ነጥብ በጥብቅ አሳስባለሁ። የደብሩ ንዋያተ ቅድሳትና ለሽያጭ የሚቀርቡ ሥዕሎች በአንድ ክፍል መቀላቀል የለባቸውም። አገራችን በቅርስ ዘረፋ ብዙ አጥታለች። የዕቃ ቤቱ መስቀልና ብራና በመዝገብ ተጽፎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ በቁልፍ ይቀመጥ። ሽያጭ ያለበት ስፍራ ሌላ ይሁን። ይህ ካልተጠበቀ መልካም ሐሳብ ለሌባ በር ይሆናል።

አምስተኛው ስም ነው። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጎን የሠዓሊው ስም፣ የሥራው ርእስ፣ የተሠራበት ዓመትና የቀለሙ ዓይነት በአማርኛ ይጻፍ፤ የአካባቢው ቋንቋ ሌላ ከሆነ በእርሱም። አባቶቻችን ስማቸውን ሳይጽፉ አልፈዋል። እኛ ዛሬ የፍሬ ጽዮንን ስም በማግኘታችን ደስ የሚለን ሰዎች፣ የሠፈራችንን ሠዓሊ ስም ሳንጽፍ ብንቀር ምን ምክንያት ይኖረናል?

በመጨረሻም ሠዓሊው በአዳራሹ ይገኝ። ቢያንስ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሞ የሚጠይቁትን ይመልስ። «ይህ ምንድን ነው? ለምን ፊቱ አረንጓዴ ሆነ?» ብለው የሚጠይቁት እናት ከማንኛውም ሃያሲ የሚበልጥ ነገር ሊያስተምሩት ይችላሉ። እርሳቸውም ቢሆኑ ሥዕል ማየትን የሚለማመዱት እንዲህ ነው። አካባቢው የማያውቀው ሠዓሊ በውጭ ሰው ዐይን ብቻ እየተለካ ያድጋል፤ ጎብኚ የሚወደውን መሣል ይለምዳል። የአጥቢያው ሕዝብ የሚያየውና የሚጠይቀው ሠዓሊ ግን ለገዛ ወገኑ መሣልን ይማራል።

ማሳሰቢያ

ክቡራትና ክቡራን፤ ከጃድሰን የተማርነው፣ ትንሽ ምድር ቤትም ብትሆን በታማኝነት ከተከፈተች የአንድ ዘመን ጥበብ ልትወልድ እንደምትችል ነው። ከኖርዝሃምፕተን የተማርነው፣ የመጀመሪያው ቁጣ የመጨረሻው ፍርድ አለመሆኑን ነው። ከኮሎኝ የተማርነው፣ የሚገባና የሚወጣ ዐውደ ርእይ ጸሎትን ሳያውክ መኖር እንደሚችል ነው። ከራሳችን አባቶች የተማርነው ደግሞ ሥዕል የሁሉ ሰው መሆኑን ነው።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤ አባላት አንድ ጥያቄ አቀርባለሁ። በመጪው ዓመት ከበዓለ ንግሣችሁ ጋር አያይዛችሁ ለሁለት ሳምንት ያህል አዳራሻችሁን ለአጥቢያችሁ ሠዓልያን ክፈቱ። ብዙ ሥዕል አያስፈልግም፤ አሥር ሥራ ይበቃል። ለሠዓልያንም እላለሁ፦ ደብሩን በሩቅ አትፍሩት፤ ሥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ አስተዳዳሪውን አነጋግሩ፣ ውላችሁን ጻፉ። ለእናንተ ለተመልካቾችም እንዲህ እላለሁ፦ ዐውደ ርእዩ ሲከፈት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ያልገባችሁን ጠይቁ፤ የወደዳችሁትን ከቻላችሁ ግዙ። ቤተ ክርስቲያን ለሥዕላችን የመጀመሪያውን ግድግዳ ሰጥታለች፤ ዛሬም መስጠት ትችላለች፤ መስጠትም ይገባታል።